የተሸፈነው አንገት

አሲያን በአልዩ አምባ ገበያ የማያውቃት የለም። ማንጎና ሎሚ ትሸጣለች፤ ወሬውን ግን በነፃ ታድላለች። ሰው ዋጋ ሊጠይቃት ሲያጎነብስ እሷ ቀድማ የእናቱን ወገብ፣ የሚስቱን እርግዝና፣ የበቅሎውን ማነከስ ጠይቃ ትጨርሳለች። እንዲህ ያለች ሴት ምስጢር ትይዛለች ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። የያዘችውም በዕድሜዋ አንድ ነው፤ እሱም የልጇን ፊት ሊያበላሽባት ምንም አልቀረውም ነበር።

ያደገችው እዚያው ገበያ ውስጥ፣ ከእናቷ የማንጎ ክምር አጠገብ ጆንያ ላይ እየተኛች ነው። ታጁንም ያገኘችው እዚያው ነው። ወደ ደብረ ብርሃን በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ እሱ ፍሬ ሲጭን እሷ «ቀስ አድርገህ ያዘው፣ ድንጋይ መሰለህ?» እያለች ስትቆጣው፣ እሱ ሲስቅ፣ ነገሩ በኒካህ አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን ልጅ እምቢ አለ። ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። ገበያተኛው ሆድ ሆዷን እያየ «ምነው አሲያ፣ ዝም አልሽሳ?» ሲላት እየሳቀች ትመልስና ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። ሌይላ የተወለደች ዕለት ታጁ መንገድ ላይ መኪና አስቁሞ ወርዶ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ አደረገ። አሲያንም ያን ቀን ደስታው አላስተኛት አለ። በማግስቱ ግን መፍራት ጀመረች።

የምትፈራው የሰው ዓይን ነው። ከሰውም ዓይን ይበልጡን የእማ ፈሂማን።

እማ ፈሂማ የታጁ አክስት ናቸው። እናቱ ስትሞት አንስተው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ልጆች አላደጉላቸውም። ዳገቱ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። በመንደሩ ደግሞ ዓይናቸው ከባድ ነው ተብሎ ይታማሉ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ፍየል አይተው «እንዴት ያለች ናት እባካችሁ!» ባሉ በማግስቱ ፍየሏ ሞተች። ፍየሏ ከገደል ወድቃ መሞቷን የሚያነሳ የለም። ይህን ሐሜት ገበያ ላይ እየሳቁ ካዛመቱት አንዷ ራሷ አሲያ ናት። ያኔ ልጅ ስላልነበራት ወሬው ወሬ ብቻ ነበር። አሁን ግን እማ ፈሂማ ሌይላን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «እስቲ ልይሽ የኔ ጨረቃ፣ እስቲ ልጥገብሽ» ሲሉ አሲያን ልጇን ነጥቃ መሮጥ ያምራታል፤ ነውር ስለሆነ ግን ጥርሷን እያሳየች ትቀመጣለች።

ሌይላ መቀመጥ እየለመደች ሳለ ድዷን ያሳክካት ጀመር። ጡጫዋን ስታኝክ ትውላለች፣ ለሃጯ ይዝረበረባል። ከአገጯ እየወረደ ደረቷን ያርሳል፣ የቀረው አንገቷ እጥፋት ውስጥ ይተኛል። አሲያ በቀሚሷ ጫፍ ፈተግ ታደርግላትና ሥራዋን ትቀጥላለች። አንድ ጠዋት ከቀኝ ከንፈሯ ጥግ አንስቶ ጉንጯ ላይ ቀይ ነገር ችፍ ብሎ አየች። ሌይላ ስትታዘል እናቷ ጀርባ ላይ የምትለጥፈው ያንኑ ጉንጯን ነው፤ በለሃጭ በራሰ ልብስ ላይ ሲፈተግ ይውላል። አሲያ ይህን አላሰበችም። ወዲያው ትዝ ያላት፣ ባለፈው ቀን እማ ፈሂማ ያንን ጉንጭ በጣታቸው ነካ አድርገው «ይቺን ጉንጭ!» ማለታቸው ነው።

ሌላ እናት ብትሆን ለጎረቤት ታሳይ ነበር። አሲያ ደበቀች። ሰው ካየው ይብስባታል ብላ አንድ ሻሽ አጥፋ ከጉንጯ ጀምሮ አንገቷን ዙሪያውን ጠቀለለቻትና ገበያ ወጣች። በዚያ ፀሐይ! ሴቶቹ «ልጅቷ ምን ሆና ነው?» ሲሏት «ብርድ ነው» አለች። ብርዱ ያለው ሽቅብ አንኮበር ነው፤ እዚህ ቆላው ላይ ሰው ጥላ ፍለጋ ይጣላል። ሴቶቹ ተያዩ።

ማታ ሻሹን ስትፈታው በለሃጭ ርሶ ቆዳዋ ላይ ተጣብቋል። ቀዩ ነገር ከጉንጯ ወርዶ አገጯ ሥር ገብቷል። አሲያ በልብስ ሳሙና ሙልጭ አድርጋ አጠበቻት፣ ልጅቷ እሪ አለች፣ ከዚያ ሌላ ሻሽ አሰረችላት። በማግስቱ ወደ ግራ ዞረ። አሲያ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ጎረቤት ድንገት ቢገባስ ብላ ስትተኛም እንደታሰረ ትተወው ጀመር። ቅላቱ ወደ ማጅራቷ ዘለቀ። በሸፈነችው ቁጥር ይሰፋል፣ በሰፋ ቁጥር ትሸፍነዋለች። ጉዱን የምታደርገው እሷ መሆኗን ግን እንኳን ልታውቅ አልጠረጠረችም። የሻሹን እርጥበት በየቀኑ በእጇ እየጨመቀች፣ ጥፋቱን ዳገት ላይ ያሉት ሴትዮ ዓይን ውስጥ ትፈልገዋለች።

ወደ እማ ፈሂማ ቤት መውጣቷን ተወች። አንድ ቀን «ተኝታለች»፣ አንድ ቀን «እንግዳ መጥቶብኝ»፣ አንድ ቀን «ሥራ በዝቶብኝ» እያለች በሰው ትልካለች። እማ ፈሂማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቁልቁለት አይወርዱም። አሲያ የተማመነችው በዚህ ነበር።

ናፍቆት ግን ጉልበት አይጠይቅም መሰለኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ እማ ፈሂማ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱ። የመጡትም በጓሮ ነው። አሲያ ሌይላን ሳፋ ውስጥ አስቀምጣ እያጠበቻት ነበር። የምርኩዙን ድምፅ ስትሰማ እርጥቡን ሻሽ በእግሯ ገፍታ አልጋ ሥር ከተተችው። ልጅቷን ለመሸፈን ግን ጊዜ አላገኘችም።

እማ ፈሂማ ጎንበስ ብለው አዩ። የሌይላን አገጭ ቀና አደረጉ፣ ማጅራቷን ገልጠው አዩ።

«ያ ረቢ!» አሉ። «አልማዝ ባለጭራ ናት! ይህን የሚያህል እስክትዞራት ምን ትሠሪ ነበር አንቺ?»

በዚያ አገር ያቺን ስም ሰምቶ የማይደነግጥ የለም። ከአንድ ቦታ ትነሳና ቆዳውን እያቃጠለች እንደ መቀነት ትዞራለች፤ ራሷና ጭራዋ የተገናኙ ቀን የሰውየው ነገር አበቃ ይባላል። የሌይላ ማጅራት ላይ ያልቀላው ቆዳ ጥቂት ነው። አሲያ ራሷ ሌሊት ሌሊት በጣቷ እየዳሰሰች ስትለካ የነበረው እሱን ነው፣ የበሽታውን ስም ሳታውቅ።

«ከወንዙ ማዶ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰውዬ አለ» አሉ እማ ፈሂማ። «ሥር ነው፤ ተቀጥቅጦ ይቀባል። ያቃጥላል፣ ቆዳውን ይልጠዋል፣ እሷን ግን ይገድላታል። ነገውኑ አስመጣለሁ።»

አሲያ መድኃኒቱን ታውቀዋለች። ጎረቤቷን ኢክራማን ልጅ ሳለች ቀብተዋታል። ኢክራማ አልሞተችም። ግን አንድ ጉንጯ ተጨማዶ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ስቦታል፣ ያ ዓይኗ ተኝታም አይከደንም። ሻርፗን ወደ ፊት ጎትታ ነው ከሰው የምታወራው። የትልቅ ልጅ ቆዳ የላጠ ነገር የሌይላን ጉንጭ ምን ሊያደርገው ነው?

ለታጁ ደወለች። ደብረ ብርሃን ላይ ጭነት እያራገፈ ነበር፣ ነፋሱ በስልኩ ይፏጫል።

«እማ ምን አለች?» አለ።

ነገረችው።

«እንግዲያማ ያለችሽን አድርጊ። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጄን ትጎዳለች?»

አሲያ በዚህ በኩል መውጫ እንደሌላት አወቀች። ስለዚህ የምታውቀውን ሥራ ሠራች፤ እማ ፈሂማን ተከራከረች። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይልኝ፣ እዚያ ያሉት አናውቀውም ካሉ መድኃኒቱን እኔው ራሴ ልጄን ይዤ አስቀባለሁ አለች። እማ ፈሂማ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ይሁን። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። መድኃኒቱንም ይዤ ነው የምሄደው፤ አናውቅም ካሉ አንዲት ሰዓት አላቆያትም» አሉ። ስምምነቱ ይኸው ነው፣ አሲያም ያሸነፈች መስሏት ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተራ ጠበቁ። ሌይላ ጡጫዋን ታኝካለች፣ አንገቷ ዛሬ ባዶ ነው። እማ ፈሂማ በጉሎ ቅጠል የተጠቀለለውን መድኃኒት ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። አሲያ ቅጠሉን ላለማየት ግድግዳውን ታያለች፣ ሳታስበው ተመልሳ ታየዋለች። አንድ ቃል አልተናገረችም። አጠገባቸው የተቀመጠች የሎሚ ደንበኛዋ «አሲያ ዛሬ ታመሻል እንዴ?» አለቻት።

ሲስተር ማስተዋል የምትባል ወጣት ነርስ አስገባቻቸው። ልጅቷን ብርሃን ወዳለበት ወሰደችና ጉንጯን፣ አገጯን፣ የአንገቷን እጥፋት አየች። ትኩሳቷን ለካች፣ የለም።

«ይሄ ፊቷ ላይ ያለው የለሃጭ ነው» አለች። «እርጥበት ሲቆይበት ቆዳው ይቆጣል። ጥርስ ሲያሳክካቸው ብዙ ልጆች ላይ አያለሁ።» ከዚያ ልጅቷን አዞረችና ፊቷን ቋጠረች። «ማጅራቷ ላይ ያለው ግን አልገባኝም። ለሃጭ ወደ ኋላ አይፈስም። አንገቷ ላይ የምታስሩት ነገር አለ?»

አሲያን አልጋ ሥር የከተተችው እርጥብ ሻሽ ትዝ አላት፤ የእማ ፈሂማ ዓይን በጆሮ ግንዷ በኩል ተሰማት። አዎ ብትል «ለምን?» ይመጣል።

«የለም» አለች።

«ክር? ጨርቅ? ክታብ?»

«ምንም።»

ሲስተር ማስተዋል እንደገና አየች። «እንግዲያው እርግጠኛ መሆን አልችልም። ምን እንደሆነ አላውቀውም ማለት ነው። ደብረ ብርሃን የቆዳ ሐኪም እንዲያያት ልጻፍላችሁ፤ እዚህ ጠብቁኝ» ብላ ወረቀት ፍለጋ ወጣች።

አላውቀውም። ቃሉን እማ ፈሂማ ሰምተዋል። ሌይላን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አቀፉና በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ከአሲያ ቀድመው ወጡ።

«እማ ፈሂማ! ወረቀቱን እያመጣች ነው!»

«ደብረ ብርሃን እስክትደርስ ራሷና ጭራዋ ይገናኛል። ተስማምተናል፤ ቃልሽ ነው።»

ግቢው ውስጥ ካለችው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ልጅቷን ጭናቸው ላይ አጋደሙ፣ ቅጠሉን ፈቱ፣ የዶሮ ላባ አወጡ። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። «ቢስሚላህ። አይዞሽ የኔ ጨረቃ፣ ትንሽ ነው የሚያቃጥልሽ» ይላሉ። ሌይላ መጫወቻ መስሏት ላባውን ለመያዝ እጇን ዘረጋች።

«ሻሽ አስሬባት ነው!» አለች አሲያ።

ላባው ቆመ። «ምን?»

«አንገቷ ላይ። ቀንም ሌሊትም። ለሃጯን ጠጥቶ ሲፈትጋት ነው እዚህ ያደረሳት። ለነርሷ ዋሽቻት ነው። በሽታ አይደለም፣ እኔ ነኝ!»

እማ ፈሂማ በሐዘን አዩአት። «እናት ነሽ፣ ልጄን አያቃጥሉብኝ ብለሽ የማትፈጥሪው የለም። በዚህ ሐሩር ሻሽ የሚያስር እብድ አለ? እኔ አይቼባት አላውቅም። ዞር በይ፣ እጄን አትያዥኝ።»

«ወላሂ አስሬባታለሁ!»

«ለምን?»

አሲያ ብርድ ነው ልትል ነበር። እንደማያምኑአት አወቀች። ላባው ተነክሮ ወጣ፣ ጫፉ ላይ አረንጓዴው ነገር ተንጠልጥሏል። ከሌይላ ጉንጭ የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም። እውነቱን ካልተናገረች የሚያቆማቸው ነገር አልነበረም።

«አንቱ እንዳያዩብኝ ብዬ» አለች።

እማ ፈሂማ አልተንቀሳቀሱም።

«ሰው ዓይናቸው ከባድ ነው ስለሚል። ጉንጯን በነኩ ማግስት ሲወጣባት ከአንቱ ነው አልኩ። ለዚያ ነው የሸፈንኳት፣ ለዚያ ነው ቤትዎ መምጣት የተውኩት። አፉ በሉኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ማንም ፈጥሮ አያወራም። እማ ፈሂማም አመኑ። ላባውን መሬት ላይ ጣሉት፣ ቅጠሉን ከነመድኃኒቱ በእግራቸው አፈር አለበሱት። ከዚያ ሌይላን ለእናቷ ዘረጉላት። ልጅቷን ሲሰጧት ፊታቸውን ወደ ዛፉ ግንድ አዙረው ነበር።

«እኔን?» አሉ፣ ይህችኑ ብቻ።

ሲስተር ማስተዋል ወረቀቷን ይዛ ስትደርስ አሲያ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። ነርሷ ተቆጣች፣ ወረቀቱንም ቀደደችው። «አልማዝ ባለጭራ ይህን አትመስልም፤ ውሃ ትቋጥራለች፣ የምትወጣውም በአንድ ጎን ነው። ይሄ እርጥብ ጨርቅ ያመጣው ነው» አለች። ከዚያ የምታደርገውን ዘረዘረችላት፦ ሻሹ ይቅር፤ አንገቷ ነፋስ ያግኝ። በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቢያት፣ ሳሙና አታስነኪያት። ለሃጯን በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገሽ አድርቂ እንጂ አትፈትጊ። ከመጥባቷና ከመተኛቷ በፊት ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ቀቢያት፣ ለሃጩ ቆዳዋን እንዳይነካው። ደረቷ ሲርስ ልብሷን ቀይሪ። ቢጫ ውሃ ከያዘ ወይም ካተኮሳት ሳትውይ ሳታድሪ አምጫት። አሲያ እያንዳንዱን ቃል ደገመችው። ዞር ስትል እማ ፈሂማ የሉም። ምርኩዛቸውን ይዘው ዳገቱን ጀምረውታል፤ ተከትላ ብትጠራቸውም አልዞሩም።

ሌይላ ዳነች። መጀመሪያ ማጅራቷ ጠራ፣ ቀጥሎ አገጯ ሥር፤ ጉንጯ ላይ ያለው ዘገየ፣ እሱም ለቀቀ። አሲያ ባዶ አንገቷን ይዛት ገበያ ወጣች። ሰው አየ፣ ጠየቀ፣ «ለሃጭ ነው» አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ለታጁ የሆነውን ሁሉ በስልክ ነገረችው። «ሄደሽ እማ እግር ላይ ውደቂ» አላት።

ወጣች። እማ ፈሂማ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታዋን መለሱ፣ ተቀመጪ አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ይህ ነው ያስፈራት። አሲያ ሌይላን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ዳነች፣ አልሃምዱሊላህ። ይዩልኝ እማ ፈሂማ። እስኪጠግቡ ይዩዋት።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አላይም፣ ልጄ።»

«የኔን አፍ ይተዉት! የሰውን ወሬ ይዤ ነው፤ ውሸት ነው!»

«ማን ያውቃል?» አሉ እማ ፈሂማ፣ እንደጨፈኑ። «ከአንቺ አፍ ከሰማሁት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የቀበርኳቸውን ልጆቼን አስባለሁ። ከሰው ሁሉ አብልጬ አያቸው የነበረው እነሱን ነው።»

አሲያ እግራቸውን ይዛ «አይሆንም፣ አይሆንም» አለች። እሳቸው ግን አልገለጡም። ሌይላ ጣታቸውን ይዛ ወደ አፏ ከተተችው፣ ለሃጯ በእጃቸው ላይ ወረደ። እማ ፈሂማ እርጥበቱ ሲሰማቸው የሻርፓቸውን ጫፍ ፈለጉ፣ በዳበሳ አገጯን አገኙ፣ ቀስ ብለው፣ ሳይፈትጉ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ አደረቁላት። ልጅቷ እዚያው ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እስክትተኛም፣ ከተኛችም በኋላ፣ ዓይናቸውን አልገለጡም።